የልብስ ሰፊዋ ግድግዳ

አራት ምርጫ አሸንፎ የክልሉ ምክር ቤት አባል ሆኖ የኖረው ሰው በአምስተኛው በተሸነፈ ማግስት፣ እንደ ልማዱ ባልዲና መፈቅፈቂያ ይዞ የገዛ የምርጫ ፎቶውን ከየግድግዳው ሊልጥ ወጣ። ሲያሸንፍም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ "የለጠፈ ራሱ ይላጥ" ይላል። ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲደርስ ከመስኮቱ አጠገብ የተለጠፈውን ፎቶ በውሃ አራሰና መፈቅፈቂያውን የፎቶው ጉንጭ ላይ አሳረፈ።

"ኧረ በፈጠረዎት፣ ይቺን ይተዉልኝ!" ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ብቅ አለች። ሆዱ ባባ። "ስለመረጥሽኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ" አላት።

"አልዋሽዎትም ጋሼ፣ ዘንድሮ የመረጥኩት ያሸነፈችዎትን ልጅ ነው። ግን ከፎቶው ኋላ ግድግዳው ተሰንጥቋል። እርስዎ አሸንፈው በላጡት ቁጥር ብርዱ እየገባ ወገቤን ሲቆርጠኝ ይከርማል። ለምክር ቤት አባል ደግሞ ይሄ እንዴት ይነገራል? ፈራሁና ዝም አልኩ።"

ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሁሉ አጎንብሶ ነበር የሚያወራው፤ እንደ ጎረቤት የተቆጣው አልነበረም። "እግዜር ይስጥሽ" አላት እንደገና፤ ይሄኛው ግን ከአንጀቱ ነበር። ሙጫ ለምኗት፣ የተነሳውን የፎቶውን ጫፍ በመዳፉ ደህና አድርጎ እየተጫነ፣ "ነገ ሲሚንቶ ይዤ እመጣለሁ" አለ። "እስከዚያ ብርዱን እኔ እጋርድልሻለሁ።"