ሴት የማትረግጠው ደሴት

ባልየው ጣና ሐይቅ ላይ ጀልባዋ ከተነሣች ጀምሮ አፉ አላረፈም። በሰሜኑ ጫፍ ወዳለችው ደሴት እስኪደርሱ ፔሊካኖቹን «የሰቡ ዶሮዎች»፣ ጉማሬዎቹን ደግሞ «የሚስቴ ዘመዶች» እያለ ሲሳለቅ፣ ሚስቱ ውድነሽ ውኃ ውኃውን ታያለች።

ከደሴቷ ዳር አንድ መነኩሴ ቆመው፣ «እዚህ ሴት አትወርድም» አሉ።

ባልየው ከትከት ብሎ ሳቀ። «ሰማሽ እመቤቴ? በይ እዚሁ ከዘመዶችሽ ጋር ተጫወቺ!» አላትና ብቻውን ወረደ።

ደኑንና ገደሉን ፎቶ ሲያነሣ ቆይቶ ሲመለስ ጀልባዋ የለችም። መነኩሴው ሻንጣውን ተሸክመው ይጠብቁታል።

«ሚስቴስ?»

«ሄደች፣ ልጄ። ‹ዓለም በቃኝ ብሎ ሊመንን ነው የመጣው› ብላ አደራ ሰጥታኛለች። ና፣ ጎጆህን ላሳይህ።»