የናይለኗ ክር

«ዓይንዎን ይጨፍኑ አባባ፤ ክሯ ስትነካዎ ‹አዎ› ይበሉኝ» አለች ነርሷ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት የስኳር ሕመምተኛ እግር እንዳየች እንጃ፤ የራሷም እግር ጫማዋ ውስጥ አብጧል። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ጣና ላይ ዓሣ ያሰገሩ ናቸው። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል፤ በጣቶቻቸው መሃል ያለው ቆዳ ውሃ በልቶት ነጥቷል። ባለቤታቸው ከኋላቸው ቆመው ትከሻቸውን ይዘዋል።

«እግሩ ደንዝዟል ብለሽ ከሐይቁ እንዳታስቀሪው ልጄ፤ ሌላ ሥራ አያውቅም» አሉ ሴትዮዋ።

ነርሷ ቀጭኗን የናይለን ክር አውራ ጣታቸው ላይ ጫን አደረገቻት። «አዎ» አሉ ሽማግሌው። ተረከዛቸውን ነካች። «አዎ»። ውስጥ እግራቸውን ነካች። «አዎ፣ አልሐምዱሊላህ»። ደስ አላት፤ ዛሬ አንድ ደህና እግር አገኘሁ ብላ ቀና ስትል የሴትዮዋን እጅ አየች። ክሯ እግራቸውን በነካች ቁጥር የሴትዮዋ ጣት ትከሻቸውን ጫን ያደርጋል።

አልተቆጣችም፤ ለመቆጣትም አቅም አልነበራት። «እማማ፣ እባክዎ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥጥ ያቀብሉኝ» አለች። ሴትዮዋ እያመነቱ እጃቸውን አነሱ።

ነርሷ ክሯን እስክትታጠፍ ድረስ አውራ ጣታቸው ላይ ጫነቻት። ከዚያ ተረከዛቸው ላይ፣ ከዚያ በየጣቶቻቸው ላይ። ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «አልጀመርሽም እንዴ?»