የአንድ ድምፅ ደረሰኝ

«በይ እንጂ ጠይቂልኝ» ይላሉ ጋሼ፣ በርጩማቸውን ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ እየጎተቱ። «ያ ስልክሽ ላይ ያለው ነገር ሁሉን ያውቃል አይደል? የትናንቱን ድምፅ ደረሰኝ ያውጣልኝ።»

ጨርቅ ቆራጯ ስልኳን ለማውጣት አትቸኩልም። መጀመሪያ ጠመኔውን ትሰበስባለች፣ ሜትሩን ትጠቀልላለች፣ ንጹሑን ጠረጴዛ እንደገና ትጠርጋለች። ጋሼም የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ከትናንት ጀምሮ ሥራ የላቸውም።

ትናንት የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ድምፅ ሰጥቷል። ጋሼ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ይነሱ ወይስ ይቆዩ? ዓይናቸው ደክሞ አንድ ሙሉ ጣቃ ሱፍ አበላሽተው ነበር። ባለፈው ምርጫ ወረቀት ጠፋ ተብሎ ማኅበሩ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም ነበርና፣ ሊቀመንበሩ የአሁኑ ድምፅ ብሎክቼይን በሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ይመዝገብ አለ። እዚያ የገባ ነገር አይሰረዝም፣ አይደለዝም፤ የማን እንደሆነም አይታወቅም፣ የሚታየው የቁጥርና የፊደል ዝባዝንኬ ብቻ ነው። ሁሉም ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። ውጤቱ ሲነበብ «ይቆዩ» ያለው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ስብሰባው ሲበተን ጋሼ ቀጥ ብለው ወደ እሷ መጡ። መቀስ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ስትቀጠርም ዋስ የሆኗት እሳቸው። «አንቺ ነሽ አይደል?» አሏት። አንገቷን ደፋች። አንገት መድፋት መዋሸት ነው እንዴ? አይደለም እያለች ራሷን ስታባብል ነው የቆየችው። ጋሼ ከተነሱ ጠረጴዛው የሚተርፈው ለእሷ መሆኑንም ላለማሰብ ስትታገል።

«ደረሰኙ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ? ያለፈ ነገር ነው» ትላለች።

«ለባለቤቴ እነግራታለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ስትለፋ ኖረህ አንድ ሰው እንኳ የለህም አለችኝ። አለኝ እላታለሁ።»

ከዚህ በኋላ ምን ትበል? ስልኩን ትከፍታለች። ረዳት የሚሉት ይህ መሣሪያ እንደ ሰው ሲጠይቁት ብሎክቼይኑ ውስጥ ገብቶ የፈለጉትን ደረሰኝ ያመጣል፤ አምጥቶም ትርጉሙን ጮክ ብሎ ያነባል። «ይቆዩ» ያለውን ደረሰኝ አሳየኝ ብላ ጽፋ ሳትጨርስ አውራ ጣቷ በስልኩ ጎን በኩል የንባቡን ድምፅ ይዘጋዋል። በጣቷ ታፍራለች፤ መልሳ ግን አትከፍተውም።

ደረሰኙ ይመጣል። ምዝገባው ተሳክቷል ይላል። ድምፁ፦ ይቆዩ። ላኪው፦ ኮምጣጤ።

ለካ የአባላቱን ስልክ ስታስተካክል ዝባዝንኬው አልለይ ቢላት፣ የእያንዳንዱን አድራሻ ስልኳ ላይ በቅጽል ስሙ የመዘገበችው እሷው ራሷ ናት። ጭራሽ ረስታው ነበር። መሣሪያው ደግሞ ደግ ነው፣ ያልጠየቁትን ይጨምራል። ከታች እንዲህ ብሎላታል፦ በዚሁ ጉዳይ የእርስዎ ድምፅ፦ ይነሱ።

ኮምጣጤ የሚባለው ልብስ ተኳሹ ነው። አንድ የሙሽራ ኮት ካውያ ስር ከተቃጠለ ወዲህ እሱና ጋሼ ሰላምታቸው እንኳ ነገር መወራወር ነው።

«ምን ይላል?» ጋሼ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ያጠባሉ። ከብርሃኑ በቀር የሚታያቸው ነገር የለም።

«ይላል…» ስልኩን ወደ ራሷ ትስባለች። ኮምጣጤ ነው ብትል ያበቃል። ግን «አንቺስ?» ይሏታል። ያኔ ልጄ ብለው አይጠሯትም። ፊቷ ካውያ የነካው ያህል ይግላል።

በሩ ይከፈታል፤ ተኳሹ የተተኮሱ ሱሪዎች በክንዱ ደርድሮ ይገባል።

«ና እስቲ ኮምጣጤ» ይላሉ ጋሼ። «ዓይንህ እንደ ምላስህ ስለታም ነው። ይቺ ልጅ የራሷን ደግነት ማንበብ አፍራለች። አንብብልኝና አንተም ትንሽ እፈር።»

ሱሪዎቹን ያስቀምጣል፤ እጁን በሽርጡ ይጠርጋል። ስልኩን ሰጠችው አይባልም፤ ጣቶቿ በራሳቸው ለቀቁት። ያነባል። አውራ ጣቱ ወደ ታች ሲንሸራተት ታየዋለች፤ እስከ መጨረሻው ነው ያነበበው።

«ይቆዩ ያለችው…» ይላል በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ «ቆራጯ ናት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ቁጥር ነው።»

ጋሼ ጭናቸውን መታ ያደርጋሉ። «አላልኩም? አንተስ ምን ብለህ ነበር?»

«ምስጢር ነው ተብሏል።»

«ታወቀብህ» ይላሉ ጋሼ እየሳቁ። «ፊትህ ላይ ተጽፏል፤ እኔ እንኳ አነበብኩት።»

ተኳሹ ስልኩን ጨርቁ ላይ በፊቱ ይደፋዋል። ቆራጯ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲያያት ትጠብቃለች፤ ቢቆጣት፣ ቢንቃት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ሱሪዎቹን መስቀያው ላይ አንድ በአንድ ሰቅሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ጋሼ ከኮታቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ያወጣሉ። ትልቁ መቀሳቸው ነው። ማንም እንዲነካው ፈቅደው አያውቁም።

«ለማን እንደምተወው ሳስብ ነበር» ይላሉ። «እንኪ፣ የኔ ልጅ።»

«ጋሼ፣ እኔ…»

«ዝም በይ። ቁረጪበት እስቲ፣ ልስማው።»

ትይዘዋለች። ቀለበቱ በእሳቸው አውራ ጣት ተበልቶ ሰፍቷል፤ የእሷ ጣት ውስጡ ይዋልላል። ከጠረጴዛው ስር ቁራጭ ጨርቅ ትስባለች። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ መቀሱ አዘንብለው፣ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። ከግድግዳው ወዲያ ካውያው ጸጥ ብሏል። መቀሱን ትከፍታለች።