ጽዋውን ይዘው የጠፉት እትዬ ፀሐይቱ

«በቃ፣ ሴትዮዋ ጽዋችንን ይዘው ጠፍተዋል። ስማቸው ይሰረዝና አዲስ ጽዋ ይገዛ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ... የዚህ ገጽ አድሚን።

ሌላ ጊዜ የሰው ታሪክ ነው የማወራችሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጉድ ነው።

ዕለቱ ኅዳር 15 ነበር። የነቢያት ጾም የሚገባበት፣ የቅዱስ ቂርቆስም ወርኃዊ በዓል።

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጥላ ፈልገን ተቀምጠናል። ሁላችንም የካዛንቺስ ሰዎች ነን። አሥራ ሁለት ሆነን በቂርቆስ ስም የጽዋ ማኅበር ነበረን።

ወር በገባ በ15 ተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። ጸሎት ይደረጋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል... ከዚያ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋው ያለበት ቤት የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ... እኛም ተበታተንን።

ጽዋው ያኔ የነበረው እትዬ ፀሐይቱ ጋ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ ተባለ። ስልካቸው አይሠራም። ዓመት ሙሉ ድምፃቸው ጠፋ።

«ጽዋው የድሮ ነው፤ ለቱሪስት ሸጠውት ይሆናል» አልኩ።

«አንተ ደግሞ... ምን ነካህ?» አለችኝ ማኅበርተኛችን ሰብሊ። ግን እሷም አዲስ ይገዛ በሚለው ተስማማች።

ያልተስማሙት ጋሽ ኢያቄም ብቻ ናቸው። የማኅበራችን መሪ፣ በማኅበር ቋንቋ «ሙሴ» የምንላቸው፣ የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ አስተማሪ።

«እስከ ገና ጠብቁኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ዓመት ሙሉ ጠበቅን እኮ።»

«አልጠበቅንም። ተቀምጠን ነበር።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«ነቢያት ጌታ ይመጣል ብለው እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ ይመስልሃል? ጾመዋል፣ ጮኸዋል፣ ሲሰደቡም አላቆሙም። ዛሬ የጀመርነው ጾም የእነሱ አይደል እንዴ?»

በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው... ድምፁን አጠፋሁት።

ጋሽ ኢያቄም በማግስቱ ጀመሩ።

በየጠዋቱ ከኦሎምፒያ ታክሲ ይይዛሉ። ሁለቴ ቀይረው ኮንዶሚኒየሙ ጋ ይደርሳሉ። በቀን አንድ ብሎክ... በር በበር እያንኳኩ «ከካዛንቺስ የመጣች ፀሐይቱ የምትባል ሴት ታውቃላችሁ?» ይላሉ። ከዚያ ለቅዳሴ ወደ ቂርቆስ ይመለሳሉ።

ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ሁላችንም እናውቃለን። አንዳችንም ግን አብረናቸው አልሄድንም።

«ጋሼ፣ ለምን ይደክማሉ? ፌስቡክ ላይ ልለጥፍልዎት» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለጥፍ። እኔም ማንኳኳቴን እቀጥላለሁ።»

አልለጠፍኩም። ረሳሁት። እሳቸው ማንኳኳቱን አልረሱም።

ታኅሣሥ 15 ጠዋት ደወሉልኝ።

«ዛሬ ሠላሳኛው ብሎክ ነው። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለኝ። ና ደግፈኝ።»

እያጉረመረምኩ ሄድኩ። «ከላይ እንጀምር» ስላሉ ክንዳቸውን ይዤ አራተኛ ፎቅ ደረስን። መጀመሪያ ያገኘነውን በር አንኳኩ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር...

በሩ ተከፈተ። አንዲት ወጣት ሴት ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ ወደ ውስጥ ትናገራለች። «እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬም አያነሳም።»

ስልኬ አሁንም እየጠራ ነው። ወደ ኪሴ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ።

ከኋላዋ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ብርጭቆ... መሃል ላይ ጽዋችን፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ።

እትዬ ፀሐይቱ ክራንች ተደግፈው ተነሡ።

«ቆያችሁ» አሉ።

ጋሽ ኢያቄም አቅፈዋቸው አለቀሱ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

እትዬ ፀሐይቱ እዚህ በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ ከዚያ ወዲህ ከፎቁ አልወረዱም። ስልካቸው ዕቃ ሲጫን ጠፍቷል። በቃላቸው የያዙት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር... የእኔ። የማኅበሩ ጸሐፊ ነኛ!

ወር በገባ በ15 ጎረቤታቸው አያንቱ፣ በሩን የከፈተችልን ልጅ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ትደውልላቸዋለች። እኔ የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም።

«ማንም ካልመጣ በየወሩ ለምን ይደግሳሉ?» አልኳቸው።

«ጽዋው እኔ ጋ ነው ልጄ። ብትመጡና ቤቱን ባዶ ሆኖ ብታገኙትስ? እናንተ ስትቀሩ ጎረቤት ይበላዋል።»

ያን ቀን ለሁሉም ደወልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጾም ሲፈታ፣ ዘጠኝ ሰው ቤቱን ሞልቶት ነበር። ሰብሊ ሽሮውን እያወጣች ትስቃለች፣ መልሳ ታለቅሳለች።

ጸሎቱ ሲያልቅ ጋሽ ኢያቄም ያቺን አሮጌ የተራ ደብተር አወጡ። ከእትዬ ፀሐይቱ ስም በታች ያለውን ስም በጣታቸው አሳዩኝ።

የእኔ ስም ነበር።

ዓመት ሙሉ ሄጄ ጽዋውን መቀበል የነበረብኝ... «ሸጠውት ይሆናል» ያልኩት እኔው ነኝ።

እትዬ ፀሐይቱ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ጥር 15 አንተ ቤት ነን» አሉኝ። አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዳጆቼ... የሚጠብቅ ሰው ይደግሳል፣ ይደውላል፣ በር ያንኳኳል። እኔ ጠበቅሁ ስል የከረምኩት ዝም ብዬ ተቀምጬ ነው። ገና እስኪደርስ ቀናት ቀርተዋልና እንነሣ።

እስኪ እናንተም በሐቅ መልሱልኝ... ወንበር ዘርግቶ የሚጠብቃችሁ፣ እናንተ ግን «ጠፋ» ያላችሁት ሰው ማነው? መጀመሪያ ደውሉለት፣ ከዚያ ምን እንዳላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።