ከሻሹ ሥር

እናንተ ብትሆኑ፣ ሌላ ሰው ለበረከት ያሰረውን ሻሽ ትፈቱ ነበር?

ያንግጂ ፈትታ አታውቅም። በመንደሯ ማንም ፈትቶ አያውቅም። ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ ነጭ ሻሽ ያስርበታል፤ ባሮጌው ላይ አዲስ ይደረባል፤ ፀሐይና ንፋስ ይጨርሱት እንጂ የሰው እጅ አይነካውም። አሁን ግን በተንጠልጣዩ ድልድይ ወገብ ላይ ቆማ፣ መንገድ የምትመራቸውን ሴት እንግዳ ሻሽ ልታስር እጇን ስትዘረጋ፣ የሻሾቹ ክምር ተንሸራቶ ሥሩን አሳያት። ድልድዩን ከተሸከሙት የብረት ገመዶች አንዱ ተተርትሯል። የተበጠሱት ክሮች እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨፍርረዋል።

ከእግሯ በታች ዱድ ኮሺ ወንዝ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ያገሳል።

«ዲዲ፣» አለች ቀስ ብላ። ሴት እንግዶቿን ሁሉ ታላቅ እህት ብላ ነው የምትጠራቸው። «እጅዎን ከገመዱ ላይ ያንሱ።»

«ቆይ እስቲ ልጄ! ደመናው ገና አሁን መገለጡ ነው።» ወይዘሮ ሱታፓ ገመዱን ተደግፈው ካሜራቸውን ወደ በረዶው ጫፍ አነጣጥረዋል። ኮልካታ ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ይህን ተራራ ዕድሜያቸውን ሙሉ በካርታ ላይ ሲጠቁሙት ኖረዋል። «ፎቶውን ካላሳየኋት እህቴ አታምነኝም። ደረጃ መውጣት አትችይም የምትለኝ እኮ ናት።»

ያንግጂ ልትመልስ ስትል ቃጭል ሰማች።

ማዶ፣ የመንደሯ ጭነት ነጂ ኦንግቹ ያኮቹን እየመራ ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። በእያንዳንዱ ጸጉራም በሬ ጎንና ጎን የሩዝ ጆንያ ተጭኗል። ያክ ጠባብ ድልድይ ላይ አንዴ ከገባ ወደ ኋላ አይመለስም።

«ኦንግቹ! አቁም! እንዳትገባ!»

ንፋሱ ከእሱ ወደ እሷ ነው። የእሷን ጩኸት ከአፏ ነጥቆ ወደ ኋላዋ ወሰደው፤ የእሱን ቀልድ ግን አንድም ሳያስቀር አመጣላት።

«ያንግጂ! ዞር በይ ከመንገድ! በሬዎቼ እንደኔ አይደሉም፣ ለቆንጆ ሴት አይቆሙም!»

እጇን አወናጨፈች። ሰላምታ መስሎት እሱም አወናጨፈ። ቀዳሚው ያክ የፊት እግሮቹን ርብራቡ ላይ ሲያሳርፍ ድልድዩ ከዳር እስከ ዳር ተርገፈገፈ፤ ከሻሾቹ ሥር አንድ ክር «ጧ!» ብሎ ተበጠሰ።

ወይዘሮ ሱታፓ በጉልበታቸው ወደቁ። «ምንድነው እሱ? ልጄ፣ ምንድነው የተበጠሰው?»

ያንግጂ ጩኸት እንደማይደርስ አውቃለች፤ ከማዶ ሆኖ የሚታይ ነገር ያስፈልጋታል። ጥርሷን ነክሳ የመጀመሪያውን ሻሽ ቦጨቀችና ወደ ወንዙ ወረወረችው። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ሌላውን። የሞቱ ሰዎች ሻሽ፣ የሙሽሮች ሻሽ፣ እናቷ ለእሷ ያሰረችላት ሻሽ።

ማዶ ቀልዱ ቆመ።

«አንቺ! አብደሻል እንዴ? ምኑን ነው የምትቦጭቂው? የእናቴ ሻሽ እኮ እዚያ አለ!» ኦንግቹ የቀዳሚውን ያክ ገመድ ጠምዝዞ አስቆመው። በሬው እያናፋ፣ ርብራቡን እየደበደበ፣ በግድ ወደ ዳሩ ተገፋ። ኦንግቹ ሊማታ ወደ ድልድዩ ሮጠ፤ ጥቂት እንደገባ ግን የተራቆተውን ገመድ አየና አፉን እንደከፈተ ደረቀ። ከዚያ ኮቴውን እየቆጠበ፣ የኋሊት ወጣ።

ያንግጂ የመጨረሻው ሻሽ እጇ ላይ ቀርቷል። ስትቦጭቀው ሌላ ነገር አይታለች። የተተረተረው ቦታ ላይ አረንጓዴ የአጥር ሽቦ ተጠምጥሟል። ዝገት አልነካውም። ይህን ሽቦ ታውቀዋለች፤ መንደሩ ውስጥ የድንች ማሳውን በዚህ ያጠረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠዋት የእንግዳዋን ሻሽ ሰጥቷት «መሃል ላይ እሰሪው፣ ብዙ ሻሽ ያለበት ጋ፤ በረከቱ እዚያ ነው» ያላትም ያው ሰው ነው።

«ዲዲ፣ ይነሱ።»

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እንግዲያው በእንብርክክ እንሂድ። ተራራውን አይዩ፣ ወንዙንም አይዩ። የኔን ተረከዝ ብቻ ይዩ።»

ሁለቱም ዳዴ እያሉ ተመለሱ። በእያንዳንዱ ርብራብ ላይ ያንግጂ ያንን «ጧ» ትጠብቃለች። ከኋላዋ ወይዘሮ ሱታፓ በቤንጋሊኛ የወንዞችን ስም እንደ ጸሎት ይደጋግማሉ።

መሬት ሲረግጡ የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ድልድዩ አፍ ላይ ተሰብስቧል። ከትምህርት ቤት ወደ ማዶ ሊሻገሩ የመጡ ሕፃናትም ቦርሳቸውን እንዳዘሉ ቆመዋል። ከፊት የድልድዩ ኮሚቴ ሊቀመንበርና የድንች ማሳው ባለቤት፣ አጎቷ ንጋዋንግ፣ ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

«የአባቶችሽን በረከት ወንዝ ውስጥ? ያውም እንግዳ ፊት!» ከዚያ ዓይናቸው እጇ ላይ ወዳለው ሻሽ፣ ከሻሹም ወደ ድልድዩ ወገብ ሄደ። ድምፃቸው ወረደ። «ነይ በቃ። ደንግጠሻል። ቤት ገብተን እንነጋገር።»

ያንግጂ ሻሹን ዘረጋችው፤ መሃሉ ላይ የገመዱ ዝገት እንደ ደም ታትሟል። ከበስተኋላዋ፣ በተራቆተው ገመድ ላይ፣ አረንጓዴው ሽቦ ፀሐይ እየመታው ያብለጨልጫል።

«ቤት አንነጋገርም፣ አጎቴ። ያንን ሽቦ ማን ጠመጠመው? እዚሁ ይመልሱልኝ። እነዚህ ልጆች እየሰሙ ይመልሱ።»