አሥራ አምስተኛዋ ሺት

ድጋሚ በጣቴ እቆጥራለሁ። ከስክሪኑ ግርጌ የተደረደሩት የኤክሴል ሺቶች አሥራ አራት ናቸው፤ ለአንድ አዛውንት አንድ ሺት፣ አልጋውም አሥራ አራት። ፎርሙላው ግን አሥራ አምስት ይላል።

የኮምፒውተር ባለሙያው ቫይረስ ፈርቶ ማክሮ የሚባለውን አውቶማቲክ ትእዛዝ ሁሉ ስለዘጋብን፣ ሺት የሚቆጥር ፎርሙላ ከኢንተርኔት ፈልጌ የጻፍኩት አሁን ነው። ዛሬ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሺቱና አልጋው ካልገጠመ ወዮላችሁ ተብለናል። ፎርሙላ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ የተደበቀውንም ይቆጥራል።

ይህን የመድኃኒት ፋይል የምንነካው ሁለት ነን፤ እኔና ዋናዋ ነርስ፣ እትዬ። በዚህ የአረጋውያን ማቆያ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። የሌለ በሽተኛ ፈጥሮ መድኃኒት ማውጣት ለእርሳቸው ምን ያቅታቸዋል? ፊርማው ግን የሁለታችን ነው፤ ጎደለ ከተባለ አብሬ እባረራለሁ። “ልጄ፣ ልጄ” ሲሉኝ ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!

“መጣሁ” ብለው እንደወጡ ናቸው። በሩን አየት አድርጌ የተደበቀውን እንዲያወጣልኝ ኮምፒውተሩን አዘዝኩት። አንዲት ሺት ብቅ አለች። ስሟ “ቶሎቶሎ” ይላል።

ቶሎቶሎ እኔ ነኝ። እትዬ ያወጡልኝ ስም ነው።

“ሰኞ፤ አልጋ ስድስት፤ የጠዋት የግፊት ኪኒን አልተሰጠም። ሐሙስ፤ አልጋ ሁለት፤ የስኳር፤ አልተሰጠም።” ሃያ ሦስት መስመር! ደሜ ፈላ። ለካ ጉድጓዴን ሲቆፍሩ ነው የከረሙት።

ወደ ቀኝ ስሄድ ሌላ ዓምድ አለ። በየመስመሩ “ሰጥቻለሁ” ይላል። ጠዋት ጠዋት ጊዜ ለመቆጠብ የሁሉንም የ“ተሰጥቷል” ምልክት አስቀድሜ አድርጌ ነው መድኃኒቱን ይዤ የምዞረው። የተኛ ካገኘሁ እመለሳለሁ ብዬ አልፋለሁ። እመለሳለሁ እንጂ፤ ካልረሳሁ።

የመጨረሻው መስመር የዛሬ ነው። “አልጋ ዘጠኝ፤ የልብ ኪኒን፤ አልተሰጠም።” የቀኙ ሳጥን ባዶ ነው።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ባዶ የውሃ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል፤ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

“ይቺን ለተቆጣጣሪው ሊያሳዩብኝ ነው?” አልኳቸው።

“ላሳይብሽ ብፈልግ ምን አስደበቀኝ?”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ሦስቴ ነገርኩሽ፣ ልጄ። ሦስቴም ‘እሺ እትዬ’ አልሽኝ፤ እየሮጥሽ።”

ጎንበስ ብለው በአንድ ጣታቸው፣ ፊደል በፊደል፣ ባዶው ሳጥን ውስጥ “ሰጥቻለሁ” ብለው ጻፉ።

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። እትዬ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፉልኝና ተቆጣጣሪውን ሊቀበሉ ወጡ። ሺቷ እንደተገለጠች ናት።