የኋላው ቀኝ ጎማ

አባባ ፒክአፑን የሚያስነሳው ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የጎማ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። እስኪጠፋ ድረስ በእግር ፓምፑ ይነፋል። የዚያን ቀን ግን ታላቅ ወንድሜ ቸኩሎ፣ "አባባ፣ የተበላሸው መብራቱ ነው! ንዳው በቃ!" ብሎ አጣደፈው። መንገድ ላይ የኋላው ቀኝ ጎማ ፈነዳ፤ መኪናው ተገለበጠ። አባባን ስንቀብር ወንድሜ ፓምፑን ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና፣ "እዚያም ጎማ ይንፋ" ብሎ ሳቀ።

መኪናውን አሠርቶ፣ አዲስ ጎማ አስገጥሞ መንዳት ሲጀምር ግን መብራቱ በራ። ጎሚስታ ጋ ወሰድነው። ሞተሩን አጥፍተን፣ መብራቱ እንዲታይ ቁልፉን ብቻ ከፍተን ወረድን። ጎሚስታው የኋላው ቀኝ ጎማ ላይ መለኪያ ሰካ።

"ንፋሱ ልክ ነው። መብራቱ ነው የተበላሸው።"

"አላልኩሽም?" አለኝ ወንድሜ። "ሽማግሌው በባዶ ሜዳ ነው ሲያደርቀን የኖረው!"

ያኔ ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአባባን ፓምፕ ድምፅ እንቅልፌ ውስጥም አልስተውም። ጎማው ላይ የተሰካ የንፋስ ቱቦ የለም፤ የመለኪያው ቀስት ግን ሽቅብ ይወጣል።

"ወንድም፣ ዞር በል፣ ይፈነዳል!" ብሎ ጎሚስታው ሸሸ።

ወንድሜ ተንበርክኮ ጆሮውን ጎማው ላይ ለጥፏል። "ከውስጥ ነው" አለ እየሳቀ። ሊነሳ ሲሞክር ሳቁ ቆመ።

"አባባ" አለ በልጅነት ድምፁ፣ "ጆሮዬን ልቀቀኝ።"

ባዶው ጋቢና ውስጥ መብራቱ ጠፋ። ሞተሩ ተነሳ።